የሕፃናትን ዕድገትና ትምህርት ስለ መመዘን
ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች የቀረበ ጥናት

የትምህርት ዘመኑ ሲፈጸም ልጆች የውጤት ካርዳቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በዚያን ዕለት በብዙ ቤት የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። አንደኛ የወጣው ይመሰገናል፤ አርባኛ የወጣው አንገቱን ይደፋል። ይሁን እንጂ ወላጆች ልጃቸው ምን እንዳወቀ፣ ምን እንደ ጎደለው፣ በክረምቱም በምን ሊረዱት እንደሚገባ ከዚያ ቁጥር ሊረዱ አይችሉም። ደረጃ የሚናገረው ልጁ ከጓደኞቹ መካከል የት እንደ ቆመ እንጂ በዕውቀት ጎዳና የት እንደ ደረሰ አይደለም። ሁሉም በደከሙበት ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣ አለ፤ ሁሉም በበረቱበት ክፍል ውስጥም የመጨረሻ የሚሆን አይጠፋም።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጥናት የምንመለከተው ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የሕፃናት ምዘና ዋጋ የሚኖረው ለልጁ የሚቀጥለውን እርምጃ ሲያሳየን ነው። ልጁን ለመፈረጅ ብቻ የሚደረግ ምዘና ግን ለአስተማሪው ዕረፍት፣ ለልጁ ሸክም ይሆናል። ይህን ነጥብ ከአገራችን የቆየ ልማድ ጀምረን እንመልከት።

1. በፊደል ትምህርት ውስጥ የነበረው ምዘና

ምዘና ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ከውጭ የገባ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን በአገራችን በቆየው የፊደል ትምህርት ውስጥ ጥበብ ያለበት ምዘና እናገኛለን። ሕፃኑ በመጀመሪያ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ፊደሉን በተራ ይቆጥራል። ከብዙ ቀን ልምምድ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ስሕተት ይዘልቀዋል። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ይህን ሰምቶ «ልጁ ፊደል ለየ» ይላል። ልምድ ያለው መምህር ግን በዚህ አይታለልም፤ ልጁ የያዘው ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና። ስለዚህ ፊደላቱ በሌላ ተራ ወደ ተደረደሩበት ወደ «አቡጊዳ» ያሻግረዋል። በዚያም «አ» ግዕዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ፣ «ዳ» ራብዕ ሆነው ስለሚመጡ በቃል የተያዘው ዜማ አያገለግልም። ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ከዚህ ልማድ ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ጥሩ ምዘና በቃል የተያዘውን በእርግጥ ከታወቀው ይለያል። ሁለተኛ፣ በአቡጊዳ የተሰናከለ ልጅ ወደ ተሰናከለበት ፊደል ተመልሶ ይለማመዳል፤ ስለዚህ የምዘናው ፍሬ አዲስ ልምምድ ነው። ሦስተኛ፣ በዚያ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ እንደ ዐቅሙ ወደ ፊት ይራመዳል፤ አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ የቀደመውም ለኋለኛው ያስተምራል። እርግጥ ነው፣ የዚያ ትምህርት ቤት አለንጋና ቁጣ ዛሬ የምንመኘው አይደለም። የምዘናውን ጥበብ ግን ልንዘነጋው አይገባም።

2. ቁጥር የሚሰውረው ነገር

አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ዐሥር ቃላትን በሰሌዳ ላይ ጽፋ ተማሪዎችን በየተራ ታስነብባለች እንበል። ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው ከ10 ቃላት 6ቱን በትክክል አነበቡ። በመዝገቡ ላይ ሦስቱም «6» ተብለው ይጻፋሉ፤ ሦስቱም እኩል መስለው ይታያሉ።

መምህርቷ ስሕተቶቹን ለይታ ብትመለከት ግን ሌላ ነገር ታገኛለች። የመጀመሪያው ልጅ የተሳሳተው «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» ጋር እያምታታ ነው፤ ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው የሚመሳሰሉ ፊደላትን ጎን ለጎን እያዩ መለየት ነው። ሁለተኛይቱ ልጅ የፊደላቱን ቤት ሁሉ ታውቃለች፤ የምትሰናከለው በሳድስ ላይ ነው። ሳድስ እንደ ካዕብና እንደ ሣልስ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ምልክት የሚከተል አይደለምና መልኩ በየፊደሉ ይለያያል፤ ስለዚህ ለእርስዋ የሚያስፈልጋት በሳድስ ላይ ያተኮረ ልምምድ ነው። ሦስተኛው ልጅ ደግሞ ፊደሉን አሳምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳውን አጥርቶ አያይም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ወደ ፊት መምጣትና የዓይን ምርመራ ማግኘት ነው።

እንግዲህ ሦስት ልጆች፣ ሦስት ችግሮች፣ ሦስት መፍትሔዎች በአንድ ቁጥር ሥር ተሸፍነው ነበር። መምህርቷ ቁጥሩን ብቻ መዝግባ ብታልፍ ሦስቱንም «መካከለኛ» ትላቸዋለች፤ አንዳቸውንም ግን አትረዳቸውም።

3. ተከታታይ ምዘና ማለት ምን ማለት ነው?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪዎች በየደረጃው በተከታታይ እንዲመዘኑ ደንግጎ ነበር። በዚያው ሥርዓት በታችኞቹ ክፍሎች፣ ማለትም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል፣ ነፃ ዝውውር ተፈቅዷል። የዚህ ሐሳብ መሠረት ግልጽ ነበር። ሕፃኑ ገና በለጋነቱ በፈተና ወድቆ ትምህርቱን እንዳይጠላ፣ ድካሙም በየዕለቱ ታይቶ በየዕለቱ እንዲታረም ታስቦ ነው።

በምዘና ጥናት ውስጥ ሁለት ዓይነት ምዘናዎች ይለያሉ፤ ልዩነቱን በ1967 እ.ኤ.አ. ማይክል ስክሪቨን የተባሉ ምሁር በስም ለይተው አስቀምጠውታል። አንደኛው በትምህርቱ ሂደት ውስጥ ለማረም የሚደረግ ምዘና ነው፤ ሁለተኛው በትምህርቱ ፍጻሜ ለመደምደም የሚደረግ ምዘና ነው። ይህን ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። በሐምሌና በነሐሴ እርሻው ውስጥ እየገባ ቡቃያውን ያያል፤ አረም ካገኘ ይነቅላል፤ ውኃ የተኛበት ቦታ ካየ ቦይ ይቀዳል። ከዚያም በአውድማ ላይ እህሉን በቁና ይሰፍራል። ሁለቱም አስፈላጊዎች ናቸው። ነገር ግን በአውድማ ላይ አረም ማረም አይቻልም። በሰኔ የሚሰጠው የማጠቃለያ ፈተናም እንደ አውድማው ነው፤ የሆነውን ይነግረናል እንጂ ሊለውጠው አይችልም።

ታዲያ በየሳምንቱ ትንንሽ ፈተናዎችን ሰጥቶ ነጥቡን ከመቶ መደመር ተከታታይ ምዘና ነውን? አይደለም። አውድማውን በየሳምንቱ መዘርጋት እርሻን ማረም አይደለምና። ምዘናው ተከታታይ የሚሆነው መምህሩ ዛሬ ባየው ምክንያት የነገውን ትምህርት ሲያስተካክል ነው። ይህ ካልሆነ ነፃ ዝውውር ሳያውቁ ማለፍ ብቻ ይሆናል።

ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በተመዘነ ጊዜ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው በየማለዳው ተጠርቷል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ነገር ማሳበብ ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን በ2ኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ልጅ በ5ኛ ክፍል ሳይንስን፣ በ9ኛ ክፍል ታሪክን ከመጽሐፍ ሊማር እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነው። በ12ኛ ክፍል የታየው ጉድለት ለብዙዎች ከዓመታት በፊት፣ ማንም ቀርቦ ባላስነበባቸው ጊዜ የተጀመረ ነው።

4. ከትምህርቱ ጋር ዕድገቱንም መመልከት

ሕፃን ዐዋቂ የሆነ ትንሽ ሰው አይደለም። አካሉ፣ ቋንቋው፣ አስተሳሰቡ፣ ስሜቱና ከሌሎች ጋር ያለው ግንኙነት በየራሳቸው ፍጥነት ያድጋሉ። በአነጋገሩ ከእኩዮቹ የቀደመ ልጅ እርሳስ አያያዝ ላይ ሊዘገይ ይችላል። በተለይ በመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜ በሁለት ጤናማ ልጆች መካከል የብዙ ወራት ልዩነት መታየቱ የተለመደ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል።

ስለዚህ ትንንሽ ልጆችን ለመመዘን የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይን ነው። ሐኪምና አስተማሪ የነበሩት ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት በከፈቱ ጊዜ ልጆቹን አብዝተው ይመለከቱ ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት አንዲት ሕፃን የእንጨት ሲሊንደሮችን በየቀዳዳቸው ስትከት፣ ስታወጣ፣ እንደ ገና ስትከት አዩአት። በዙሪያዋ ሌሎች ልጆች እየዘመሩ ሳለ እርስዋ ሥራዋን ሳታቋርጥ ከ40 ጊዜ በላይ ደገመችው። ሞንቴሶሪ ከዚህ በመነሣት የሕፃናት ትኩረት ምን ያህል ጥልቅ ሊሆን እንደሚችል ተረዱ፤ የማስተማር ዘዴያቸውንም በዚህ ላይ መሠረቱ። ይህን ዕውቀት በጽሑፍ ፈተና ማግኘት አይቻልም ነበር።

አስተማሪ ሲመለከት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ቢጽፍ ይጠቅመዋል፤ ልጁ «ብቻውን ይችላል»፣ «ሲረዱት ይችላል»፣ «ገና ነው» በማለት። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሰጡት ለመካከለኛው ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ሊሠራው ያልቻለውን ሒሳብ በጥቂት ጥያቄ ሲመሩት ከሠራው፣ ትምህርቱ ሊጀመርበት የሚገባው ቦታ ያ ነው። ብቻውን የሚችለውን መደጋገም ያሰለቸዋል፤ ገና ያልደረሰበትን መጫን ደግሞ ተስፋ ያስቆርጠዋል።

«ልጁ ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊትም የሚከተሉትን መመርመር ይገባናል።

ሀ) ዓይንና ጆሮ፦ ልጁ መጽሐፉን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ያነባልን? ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን ያጠብባልን? ከኋላው ሲጠሩት አይመልስምን? ያልተጠየቀውን ይመልሳልን? እንዲህ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይቀድማል።

ለ) ቋንቋ፦ ልጁ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተለየ ነውን? የሒሳብ ጥያቄ በማያውቀው ቋንቋ የቀረበለት ልጅ ባይመልስ፣ የተመዘነው ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው። የሚቻል ከሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንደ ገና ይጠየቅ።

ሐ) ረኀብና ድካም፦ ልጁ ቁርስ በልቶ መጥቷልን? ከትምህርት በፊት ውኃ ቀድቶ ወይም ከብት ጠብቆ የመጣ ነውን?

መ) ኀዘንና ፍርሃት፦ በቤቱ ሞት፣ ሕመም፣ ጠብ ወይም ስደት ገብቷልን?

5. ምዘናውን ተከትሎ የሚነገር ቃል

በእስራኤል አገር ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ለእኛም ትምህርት ይሰጣል። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆኑ ተማሪዎች ሥራቸው ከታረመ በኋላ በሦስት ዓይነት መንገድ መልስ ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ ነጥብ ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ ምን እንዳሳኩና ምን ማሻሻል እንዳለባቸው የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ነጥቡም ጽሑፉም በአንድነት። በቀጣዩ ሥራቸው የበለጠ የተሻሻሉትና ፍላጎታቸው ያልቀዘቀዘው ጽሑፍ ብቻ የተሰጣቸው ነበሩ። ነጥብና ጽሑፍ በአንድነት የተቀበሉት ግን ነጥብ ብቻ ከተቀበሉት እምብዛም አልተለዩም። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ነጥብ ያየ ልጅ ዓይኑን ወደ ጓደኛው ደብተር ይወረውራል፤ ምክሩን አያነበውም።

ይህ ማለት ነጥብ ይቅር ማለት አይደለም። ነገር ግን በልጁ ደብተር ላይ ከ«6/10» ይልቅ «የግዕዙንና የካዕቡን ፊደል አሳምረህ አንብበሃል፤ አሁን ‹ተ›ንና ‹ቸ›ን ለይ» የሚለው ቃል የሚያንጽ መሆኑን መረዳት ይገባል።

በአንጻሩ ልጅን ለዘለቄታው የሚፈርጅ ቃል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የምዘና ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ያዘጋጁት በተለመደው ትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች ተለይተው ልዩ ርዳታ እንዲያገኙ ነበር። በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍም የሰው አእምሮ በልምምድ ሊያድግ አይችልም የሚሉትን አጥብቀው ተቃውመዋል። ሆኖም ከእርሳቸው ሞት በኋላ መለኪያው በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ሰዎችን «ይህ ከተፈጥሮው ደካማ ነው» እያሉ ለመፈረጅ አገልግሏል። ለመርዳት የተሠራ መሣሪያ መዝጊያ ሆነ። እኛም «አንተ ሒሳብ አይገባህም» ያልነው ልጅ ቃላችንን አምኖ መሞከሩን ሊተው ይችላል። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሥራው ይሁን እንጂ ስለ ማንነቱ አይሁን፤ «አልቻልህም» ከማለትም «ገና አልቻልህም» ማለት ይሻላል።

6. ተማሪ በበዛበት ክፍል

«ስድሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይቻላል?» የሚል መምህር እውነት አለው። ይሁን እንጂ ሁሉንም በአንድ ቀን መመልከት አያስፈልግም። መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተር አንድ ገጽ ይመድብ፤ በቀን አምስት ልጆችን ብቻ መርጦ ሌሎቹ መልመጃ ሲሠሩ ጥቂት ደቂቃ ያስነብባቸው፤ ያየውንም በአንድ መስመር ከነቀኑ ይጻፍ። በዚህ አኳኋን ስድሳ ልጆች በ12 የትምህርት ቀን ይዳረሳሉ፤ በአንድ መንፈቀ ዓመትም እያንዳንዱ ልጅ ብዙ ጊዜ ይታያል። «ደኅና ነው» የሚል ጽሑፍ አይጠቅምም። «የአንድ አኃዝ ቁጥሮችን ይደምራል፤ ወደ ዐሥር ቤት መሻገር ላይ ይሳሳታል» የሚለው ግን የነገውን ትምህርት ያመለክታል።

7. የወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ድርሻ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስታውቋል። እንግዲያስ ምዘናውን ለትምህርት ቤት ብቻ መተው አይገባም። ራሳቸው ያልተማሩ ወላጆችም ልጃቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላቸው፣ ከዚያም ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግራቸው ማድረግ ይችላሉ። መምህሩን ሲያገኙም «ስንተኛ ነው?» ከማለት ይልቅ «አሁን ብቻውን ምን ይችላል? ቀጥሎ ምን መማር አለበት? እኛስ በቤት በምን እንርዳው?» ብለው ይጠይቁ።

በህንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞችን በየመንደሩ እየላከ የልጆችን ንባብ በአንድ ወረቀት ብቻ ሲመዝን ኖሯል። ወረቀቱ አራት ደረጃ አለው፤ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽና አጭር ታሪክ። ልጁ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ወረቀት በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋ ማዘጋጀት ለማንኛውም ቁምስና አይከብድም። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ልጆችን በአነስተኛ ቡድን ስለሚያገኙ ማንበብ ያልቻለውን ቀድመው ሊያውቁ ይችላሉ። ይህንም በሌሎች ፊት ሳያሳፍሩት ብቻውን አድርገው ይጠይቁት።

በራሳቸው ትምህርት ውስጥም ይኸው መንገድ ይሠራል። ለላቲን ሥርዓት የወጣው የ1983 እ.ኤ.አ. የቀኖና ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዱስ ቁርባን ከሚቀበሉ ልጆች በቂ ዕውቀትና ዝግጅት ሲጠይቅ፣ ይህ እንደ ዐቅማቸው እንዲሆን ያሳስባል። ጸሎቱን በቃሉ የወጣው ልጅ ትርጉሙን ያውቃል ማለት አይደለም፤ በቃሉ ሲሰናከል ያየነውም ትርጉሙን አልተረዳም ማለት አይደለም። «አባታችን ሆይ»ን ካደረሰ በኋላ «ይቅር በለን ስንል ምን ማለታችን ነው? አንተ ማንን ይቅር ብለህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ከሀሁ ወደ አቡጊዳ እንደ መሻገር ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የውጤት ካርድ ለወላጆች ምን ይነግራቸዋል? ምንስ ሳይነግራቸው ይቀራል?

2. በቡድናችሁ ካሉት ልጆች መካከል ማንበብ የማይችሉ መኖራቸውን በምን ታውቃላችሁ? ካሉስ በዚህ ሩብ ዓመት ማን፣ በየትኛው ቀን ሊረዳቸው ይችላል?

3. «ሰነፍ» የተባለ አንድ ልጅ አስቡ። በክፍል 4 ከተዘረዘሩት አራት ነጥቦች መካከል ገና ያልተመረመረ አለን?

4. በሚቀጥለው ሳምንት ለአንድ ልጅ ከነጥብ ይልቅ የምትሰጡትን አንድ የሚያንጽ ቃል ጽፋችሁ ተወያዩበት።